የጃርት ግድብና የናሷ ወፍ

ተረቴ መጥቷል፣ ቦታ ስጡት። እናንተ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳችሁ ሌላው የሚሠራበትን መሣሪያ የምትሠሩ ልጆች፣ ወንበራችሁን ወደዚህ አዙሩና ስሙኝ። የዛሬው ተረት የመሣሪያ ተረት ነው። እንስሳትም ዕቃም እንደኛ ያወሩ በነበረበት ዘመን የሆነ ነው።

በዚያ ዘመን ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር አንድ ሸለቆ ነበር። በሸለቆው መሀል ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ በበጋ እንደ ክር ይቀጥናል፣ በክረምት ግን ጎርፍ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። በሸለቆው የሚኖሩት እንስሳት በጋ በመጣ ቁጥር ይጠማሉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቻቸውን ይቀብራሉ።

ይህን እያየ ያደገ አንድ ጃርት ነበር። አያ ጃርት ይሉታል። እንጨት ጠርቦ፣ ገመድ ገምዶ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ ስድስት ዓመት ለፍቶ፣ ከተራራው ወገብ ላይ ግድብ ሠራ። ለግድቡም ሦስት ዕቃ አበጀለት። አንዱ ውሃውን የሚይዝና የሚለቅ ትልቅ የእንጨት በር ነው። አንዱ በሩን በገመድ እየሳበ የሚያነሳ መዘውር ነው። አንዱ ደግሞ ውሃ ከመለቀቁ በፊት ታች ያሉትን የሚያስጠነቅቅ ደወል ነው። አያ ጃርት ወሬ የማይወድ ስለነበረ ለበሩ ያስተማረው ሁለት ቃል ብቻ ነበር። በሩ የታዘዘውን ሲፈጽም «እሺ» ይላል፣ ካልሆነለት «እምቢ» ይላል። ከዚያ ያለፈ አንድም ቃል አያውቅም።

ግድቡን የሚጠብቀው አያ ዝንጀሮ ነበር። ጃርት ሲያደርግ አይቶ ተማረ፣ ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ሙሉ ብቻውን ሠራው። ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ፣ ደወሉ ስንት ጊዜ እንደሚደወል፣ መዘውሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያውቀው እጁ ነው። ከግድቡ አጠገብ ባለው ዳስ ውስጥ ጃርት ድሮ ጽፎ የሰቀላቸው ሦስት ሰሌዳዎች ነበሩ። የሚያነባቸው አልነበረም። ዝንጀሮ አቁማዳውን ይሰቅልባቸው ነበር።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን ዝንጀሮን ገደል አንሸራተተውና ወደቀ፣ ጭኑም ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ አሰረለት፤ ሁለተኛ ያንን ተራራ በእግሩ እንደማይወጣ ግን ነገረው። አያ ጃርትም አርጅቷል፤ ጉልበቱ ከቤቱ ደጃፍ አያሳልፈውም። ክረምት ሊገባ የቀረው ጥቂት ወር ነው።

እንስሳቱ ተሰብስበው መከሩ። በሩቅ አገር አንጥረኞች ቀጥቅጠው የሚሠሯት የናስ ወፍ እንዳለች ሰምተው ነበር። አትራብም፣ አትደክምም፣ የተጻፈ ሁሉ ታነባለች፣ ያነበበችውንም ሳታጎድል ትፈጽማለች። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ትተኛለች፣ ጠዋት ስትነሳ የትናንቱ ሁሉ ከልቧ ጠፍቷል። እንስሳቱ ይህን ከምንም አልቆጠሩትም። ሰሌዳው አለ፣ እሷ ታነባለች፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል ተባባሉና አስመጧት።

ወፏ መጣች፤ ወደ ዳሱ ገብታ የመጀመሪያውን ሰሌዳ አነበበች። «ውሃው ሲበዛ በሩን ክፈት» ይላል። ስንት ሲደርስ ነው በዛ የሚባለው? ሰሌዳው አይልም። በሩን ጠየቀችው፣ በሩ ዝም አለ። ግድቡን አየችው፣ ግማሽ ሞልቷል። በሕይወቷ ውሃ አይታ ለማታውቅ ወፍ ይህ ብዙ ነው። ከፈተችው። ለበጋ የተጠራቀመው ውሃ በወንዙ ወርዶ ሄደ። በሳምንቱ የአያ ከርከሮ የድንች ማሳ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ከርከሮ በደረቀው ማሳ መሀል ቆሞ የወፏን አገር፣ የሠሯትን አንጥረኞች፣ ያስመጧትንም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ረገመ።

ከዚያ የበልግ ዝናብ ጣለ፤ ግድቡም እንደገና ሞላ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ከበሩ በፊት ደወል እንደሚቀድም ለወፏ ነገሯት። እሺ አለች፣ በማግስቱ ረሳችው። እንደገና ወጡና የደወሉን ሰሌዳ ከፊት ለፊት ሰቀሉላት። «ደወሉን እንደተለመደው ደውል» ይላል። ለማን የተለመደው? ወፏ ብዙ አሰበችና ሦስት ጊዜ ደወለች። በዚያ ሸለቆ ሦስት ደወል ማለት «ለቦይ ጠረጋ ወደ ወንዙ ኑ» ማለት ነው። እንስሳቱ ዶማና አካፋቸውን ይዘው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ወፏ ከላይ ሆና ስታያቸው መዘውሩን ሳትነካው ቀረች። እነሱ ግን ከምን እንደተረፉ አላወቁም። ለከንቱ ጠራችን ብለው እያጉረመረሙ ተመለሱ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ። በዚያ ጠዋት ተራራው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ግድቡ ሊያፈስ ደርሷል። ወፏ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ታች ያሉት ሰምተው ዛሬ ደግሞ አንሸወድም ብለው ከተቀመጡበት አልተነሱም። ወፏ የመዘውሩን ሰሌዳ አነበበች። «አሥር ዙር ሲዞር በሩ እስከ ግማሽ ይከፈታል» ይላል። አሥር ዙር አዞረች። በሩ «እሺ» አለ። በጉሙ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም፤ በሩ እሺ ካለ ግማሽ ተከፍቷል ማለት ነው ብላ ቁጭ አለች።

በሩ ግን እስከ ጫፉ ተከፍቶ ነበር።

ከወንዙ ዳር ባለው አሸዋ ውስጥ እመት ኤሊ አሥራ አንድ ዕንቁላል ቀብራ ትጠብቅ ነበር። እመት ኤሊ ዝምተኛ ናት፤ ለዚያ ዓመት ወልጄ አሳድጋለሁ ብላ ብዙ የተመኘች ናት። ውሃው በአንድ ጊዜ መጣ። አሸዋውን ቦጨቀው። ሮጣ የምታመልጥ ፍጥረት አይደለችም፤ ተዘርግታ ተኛችበት፤ በደረቷም የቻለችውን ያህል ሸፈነች። ጉሙ ተገፎ ወፏ ጥፋቱን አይታ በሩን እስክትዘጋ ድረስ እንዲያ ሆና ቆየች። ውሃው ሲጎድል ተነስታ ቆጠረች። አራት ቀርተዋል።

እንስሳቱ በማግስቱ ተሰበሰቡ። አያ ከርከሮ ወፏ ትቅለጥና ድስት ይሠራባት አለ። ብዙዎቹ ተስማሙ። አያ ዝንጀሮ በቃሬዛ ተሸክመውት መጥቶ ከዳር ተቀምጧል። በውስጡ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ማለቱን ግን ለራሱም አላመነም። ከዚያ ሁሉም ወደ እመት ኤሊ ዞሩ። የተበደለችው እሷ ናትና ፍርዱን ከእሷ ጠበቁ።

«ልጆቼ በምን እንደሞቱ ሳላውቅ በማንም ላይ አልፈርድም» አለች። «ወጥቼ ሥራዋን ልይ። እስክመለስ ታገሡኝ።»

የቀሩትን አራት ዕንቁላሎች ከወንዙ ራቅ ብሎ ባለው ጉብታ ላይ ደረቅ አፈር ቆፍራ ቀበረች፤ ለሚዳቋም አደራ ሰጠቻትና ጉዞ ጀመረች። ሌላው በግማሽ ቀን የሚወጣውን ዳገት እሷ በሁለት ቀን ወጣችው።

ግድቡ ጋ የደረሰችው ጠዋት ነበር። ወፏ ገና ከእንቅልፏ ተነስታ ክንፏን ታራግፋለች። ኤሊ ታውቂኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ወፏ ይቅርታ ጠይቃ እንደማታውቃት፣ በየጠዋቱም አዲስ ሆና እንደምትነሳ ነገረቻት። ኤሊም ግድቡ ባዶ ሊሆን ምንም ያልቀረው መሆኑን አየችና በሩን እስከ ግማሽ ክፈቺልኝ አለቻት። ወፏ ሰሌዳውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። አንድ ሁለት እያለች አሥር ዙር አዞረች። በሩ «እሺ» አለ።

«አሁን ስንት ተከፈተ?» አለች ኤሊ።

«ግማሽ ነው። እንደዚያ ተጽፏል፤ በሩም እሺ ብሏል።»

«ነይና በዓይንሽ እዪው።»

ወፏ ወደ ግድቡ ጫፍ ሄዳ አጎንብሳ አየች። በሩ ከነታችኛው ጠርዙ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ኤሊ ያን ጊዜ ስለ ዕንቁላሎቹ ነገረቻት፤ ስንት እንደነበሩ፣ ስንት እንደቀሩ፣ ውሃው እንዴት እንደመጣ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ?» አለች ወፏ።

«አንቺ ነሽ። የተጻፈልሽን ነው ያደረግሽው።»

ወፏ ክንፏን ሰበሰበች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እመት ኤሊ፣ ነገ ጠዋት ይህን አላስታውስም። ሐዘንዎንም አላስታውስም። ሰሌዳው ግን ነገም እዚህ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። እባክዎ የሚያርመው ሰው ዛሬውኑ ይፈልጉልኝ።»

እመት ኤሊ ሳታርፍ ቁልቁል ተመለሰች። በቀጥታ ወደ አያ ጃርት ቤት ሄደች። ጃርት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የመጣችበትን ስትነግረው እሾሁ ተነሳ። በዚያ ግድብ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ነፍስ እንዳልጠፋ፣ ዕቃዎቹ ምንም እንዳልሆኑ፣ ጥፋቱ የባዕድ ወፍ ያመጡት ሰዎች እንደሆነ ተናገረ። ለሚያስተውል ሰው ሰሌዳው በቂ ነው አለ። ኤሊ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ልከስህ አልመጣሁም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ዓይንህን ጨፍን። ግድቡ ላይ ነህ፣ መዘውሩ በእጅህ ነው። በሩን እስከ ግማሽ ክፈተው። እኔ እቆጥርልሃለሁ።»

ጃርት አልፈለገም፤ ግን ሰባት ልጆች ያጣች እናት ፊቱ ቆማለች። ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ያልነበረውን መዘውር ያዘ፤ ማዞርም ጀመረ። ኤሊ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ላይ እጁ በራሱ ቆመ።

«ለምን አቆምክ?»

«ግማሽ ደረሰ።»

«ሰሌዳህ አሥር ይላል።»

አያ ጃርት ዓይኑን ገለጠ። እጆቹን የሌላ ሰው እጆች ይመስል አያቸው። ከዚያ ትዝ አለው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አሮጌው መዘውር ተሰብሮ በትልቅ መዘውር ተክቶት ነበር። ትልቁ በአንድ ዙር የትንሹን ሁለት ዙር ገመድ ይስባል። ያ ዓመት ሚስቱ የሞተችበት ዓመት ነው። መዘውሩን በተከለ ቀን ደክሞት ነበር፤ ሐዘንም ነበረበት። ለዝንጀሮ በቃል ነገረው።

«ሰሌዳውን ነገ አርመዋለሁ ብዬ ነበር» አለ በትንሽ ድምፅ። ቆይቶም «ስንት ናቸው የሄዱት?» አለ።

«ሰባት።»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኤሊ አጠገቡ ተቀመጠች። በመጨረሻ ጃርት ተሸክማችሁ ወደ ግድቡ አውጡኝ አለ።

በማግስቱ እንስሳቱ ሁለት ቃሬዛ አዘጋጅተው ጃርትንና ዝንጀሮን ተሸክመው፣ ኤሊንም ከጃርት ጎን አስቀምጠው ወጡ። ከጃርት ቃሬዛ አንዱን ጫፍ የያዘው አያ ከርከሮ ነበር። ኤሊ የነገረችውን ሰምቶ ስለ ድስቱ ሁለተኛ አላነሳም።

ጃርት ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። በሰባቱ ዕንቁላሎች ምክንያት ምንም ሳይጎድል ልጻፍ ብሎ ቆርጧል። አሥራ ሁለት ሰሌዳ ሞላ። በሩ ከየትኛው ጫካ እንደተቆረጠ፣ ማን እንደተሸከመው፣ ገመዱ ለምን ከቃጫ እንደተገመደ፣ ሁሉንም ጻፈ። በማግስቱ ጠዋት ወፏ ተነስታ ማንበብ ጀመረች። ታነባለች፣ ታነባለች፣ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ በሩ መቼ እንደሚከፈት የሚለው ጋ ገና አልደረሰችም። ጎርፍ ቢሆን ሁሉም አልቀው ነበር። ጃርት ከፋው፤ ያም ሆኖ ቀነሰው። የእንጨቱንና የገመዱን ታሪክ ለብቻ አድርጎ ማወቅ ለሚፈልግ ከዳሱ ጀርባ ሰቀለው። ከፊት የቀረው ሥራው ብቻ ነው። በሩን የመክፈቻው ጊዜ ውሃው ግድቡ ላይ ካስቀባው ቀይ ምልክት ሲደርስ ነው፤ ከምልክቱ በታች ከሆነ አይከፈትም። መጀመሪያ ደወሉ ሰባት ጊዜ ይደወላል፤ ሰባት ማለት ከወንዙ ራቁ ማለት ነው፤ ሦስት ማለት ወደ ወንዙ ኑ ማለት ስለሆነ ጎርፍ ሲኖር ሦስት አይደወልም። ታች ጉብታው ላይ ነጭ ጨርቅ እስኪሰቀል ይጠበቃል። ከዚያ መዘውሩ ይዞራል፤ አምስት ዙር ግማሽ፣ አሥር ዙር ሙሉ።

በሁለተኛው ጠዋት ለሙከራ ውሃው ከምልክቱ ደርሷል እንበል አሏት፤ ወፏም ይህን አንብባ ሰባት ጊዜ ደወለች፤ ነጩን ጨርቅም መጠበቅ ጀመረች። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ጨርቅ የለም። ለካ ታች ላሉት ጨርቅ ስቀሉ ብሎ የነገራቸው አልነበረም። እሱም ተነገረ። ጨርቁ ካልታየ ውሃው ሌላ አንድ ስንዝር እስኪጨምር ደጋግሞ መደወል፣ ከዚያ ግን ግድቡ እንዳይፈርስ እስከ ግማሽ ብቻ መክፈት የሚል ተጨመረ።

በሩንም ተጨማሪ ቃል አስተማሩት። እሺ ሲል ምን ያህል እንደተከፈተ፣ እምቢ ሲል ለምን እንዳልሆነለትና ምን ቢደረግ እንደሚሻል እንዲናገር ነው። በሩ አርባ ዓመት በሁለት ቃል የኖረ ነውና አፉ ሲፈታ መጀመሪያ የተናገረው ነገር በእርጅናዬ ትምህርት ቤት አስገባችሁኝ የሚል ወቀሳ ነበር። ሁሉም ሳቁ። እመት ኤሊም ዕንቁላሎቿን ካጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ያን ቀን ከርከሮ፣ ወፏ ትናንት የተነገራትን ብታስታውስ ይህ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር ብሎ አማረረ። ኤሊ ግን አልተስማማችም።

«እንኳንም ረሳች» አለችው። «እኛ ትናንት የተነጋገርነው ስለሚታወሰን ያልተጻፈውም የተጻፈ ይመስለናል። እሷ የምታየው የተጻፈውን ብቻ ነው። እሷ ስትሳሳት የጎደለን የት እንደሆነ እናውቃለን።»

ይህን ሁሉ ጊዜ አያ ዝንጀሮ ቃሬዛው ላይ ጋደም ብሎ ያያል። የምትጨምረው አለህ ወይ ሲሉት የለኝም ይላል። ሰሌዳዎቹ ተጽፈው አልቀው ሊሰቀሉ ሲሉ ግን ቀና አለ።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለ። «በየክረምቱ የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ድንጋይ ያንከባልልና መዘውሩ ሥር ይወትፈዋል። መዘውሩ ይነክሳል። በረጅም ዱላ ከግራ በኩል ካልተገፋ አይዞርም።»

ጃርት ደነገጠ። ግድቡን የሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ይህን አያውቅም ነበር። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም አለው።

«መጀመሪያ ነገሩ ትንሽ መስሎኝ ነው። አሁን ግን...» ዝንጀሮ የተሰበረ ጭኑን አየ። «አሁን እሷ ሁሉን ካወቀች እኔ ለምን እጠቅማለሁ ብዬ ነው። ሰሞኑን ቃሬዛዬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ይህንን ነው። ይቅር በሉኝ።»

የሚቆጣው አልተገኘም። ኤሊ ወደ ቃሬዛው ቀረብ አለችና «እሷ የምታውቀው እኮ አንተ ያወቅከውን ነው» አለችው። ዝንጀሮም ሰሌዳ አቀብሉኝ ብሎ ስለ ድንጋዩ በገዛ እጁ ጻፈ። በሩም ይህንኑ እንዲናገር ተማረ።

በሦስተኛው ጠዋት ወፏ ተነሳች። ማንንም አላወቀችም። ዛሬም ለሙከራ ውሃው ከምልክቱ ደርሷል እንበል ቢሏት አነበበች፣ ደወለች፣ ጠበቀች፣ አዞረች፣ መልሳ ዘጋች። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችም። ጃርትና ዝንጀሮ ተያዩ፤ ወደ ሸለቆውም ወረዱ።

ሐምሌ በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ተራራው ጠቆረ። በዕድሜ የገፉት እንኳ እንደዚያ ያለ ዝናብ አይተው አያውቁም ነበር። ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ በጭቃ ተዘጋ። ማንም ወጥቶ ሊረዳት አይችልም። ወፏ ብቻዋን ናት፤ የምታውቀውም በዚያ ጠዋት ያነበበችውን ብቻ ነው።

ደወሉ ተሰማ። አያ ከርከሮ ከደጁ ቆሞ ቆጠረ። ሰባት ነው። እየዞረ ቤት ለቤት ቀሰቀሰ። እንስሳቱ ልጆቻቸውን ተሸክመው ወደ ጉብታው ወጡ። እዚያ እንደደረሱ ነጩን ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ አሰሩት፤ ከርከሮም ጨርቁ በዝናቡ እንዳይጣበቅ እንጨቱን ይዞ እያወዛወዘ ቆመ። ከዚያ ወደ ላይ እያዩ ጠበቁ። ውሃው አልመጣም። ቆዩ። አሁንም አልመጣም። ግድቡ እንዳለ ሊደረመስ ነው ብለው ፈሩ። አያ ዝንጀሮ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

እላይ የሆነው ይህ ነበር። ወፏ መዘውሩን ስታዞር አልዞር አለ። በሩም ተናገረ። «እምቢ። መዘውሩ ሥር ድንጋይ ገብቷል። ረጅሙን ዱላ ከዳሱ አምጪና ከግራ በኩል ግፊው» አለ። ዱላውን አመጣች፤ ገፋችው። ድንጋዩ ተፈንቅሎ ወጣ። አምስት ዙር አዞረች። በሩ «እሺ። እስከ ግማሽ ተከፍቻለሁ» አለ።

ታች ጉብታው ላይ ውሃው ሲወርድ አዩት። ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ እየጮኸ፣ ግን ከወንዙ ሳይወጣ አለፈ። በዚያ ቀን አንድም ነፍስ አልጠፋም፤ ጉብታው ላይ የተቀበሩት የኤሊ አራት ዕንቁላሎችም ደህና ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ ወፏ ሳልረሳው ልንገራችሁ ብላ በርራ ወረደችና ያደረገችውን ሁሉ ተረከችላቸው። የድንጋዩ ነገር ላይ ስትደርስ አያ ዝንጀሮ አለቀሰ። የጻፈልሽ እሱ ነው አሏት። ክንፏን አጥፋ እጅ ነሳችው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በበጋ፣ አያ ጃርት ሞተ። የናሷም ወፍ መገጣጠሚያዋ ስለላላ አንጥረኞቹ ወደ አገሯ መለሷት። በምትኳ ሌላ ላኩ፤ ከብረት የተሠራች፣ አነስ ያለች። ጃርትን አይታው አታውቅም። ዝንጀሮንም፣ ኤሊንም፣ ከርከሮንም አታውቅም። በመጣች ማግስት ከባድ ዝናብ ጣለ።

አያ ዝንጀሮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደወሉ ተሰማ። ሰባት ጊዜ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲደውል የኖረው እሱ ነው፤ ሌላው ሲሸሽ ከላይ ሆኖ ያያል እንጂ ደወል ሰምቶ በገዛ እግሩ ሸሽቶ አያውቅም። ትንሽ ቁጭ ብሎ አዳመጠ። አደዋወሉ ልክ ነበር። ከዚያ ከዘራውን አነሳ፣ የልጅ ልጁን እጅ ያዘ፣ ከጎረቤቶቹም ጋር ቀስ እያለ ወደ ጉብታው ወጣ።

ልጆች፣ እናንተም መሣሪያ ሠርታችሁ ሰውም ይሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲሠራበት ስትሰጡ፣ ያ ሠራተኛ በልባችሁ ያለውን እንደሚያውቅ አትቁጠሩ። መቼ እንደሚከፈት፣ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ እምቢ ሲል ለምን እንደሆነ በአጭሩና በእውነት ጻፉለት። መሣሪያውን ስትለውጡ ጽሑፉን በዚያው ቀን ለውጡ። ሠራተኛው ሲሳሳትም ከመቆጣታችሁ በፊት ያነበበውን ሄዳችሁ አንብቡ። ታች ከወንዙ ዳር ማን እንዳለ አታውቁምና።

ተረቴ ይኸው ነው። ስለሰማችሁኝ ዕድሜ ይስጣችሁ።